የዲሽ ገመድ ሲነዝር፦ ብዙ ቤት በሚጋራው ኬብል ላይ ችግሩን ማግኛ

ከአያት ወዲያ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላንና በለገጣፎ በኩል ያሉ ግቢዎች አሠራራቸው ይመሳሰላል። ፊት ለፊት የባለቤቱ ቤት፣ ከጓሮ በተርታ አራት አምስት ሰርቪስ ክፍል፣ በር ላይ የኮንቴይነር ሱቅ፣ አንድ ቆጣሪ፣ ቆርቆሮው ላይ አንድ ወይም ሁለት ዲሽ። ኬብሉ ከዲሹ ወርዶ በቆርቆሮው ጠርዝ፣ በልብስ ማስጫው ሽቦ፣ በአጥሩ ቱቦላሬ ላይ እየተንጠለጠለ ከክፍል ክፍል ይዳረሳል። ተከራይ «ጋሼ፣ ዲሹ ይነዝራል እኮ» ሲል የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ «የዲሽ መብራት ትንሽ ናት፣ ምንም አታደርግም።»

ይህ መልስ ሰው ሊያስገድል ይችላል። ሪሲቨር ወደ ኤልኤንቢ (በዲሹ ክንድ ጫፍ ላይ ሲግናሉን ወደሚቀበለው ዕቃ) የሚልከው 13 ወይም 18 ቮልት ዲሲ ነው፤ ያን ደረቅ እጅ ጨርሶ አይሰማውም። ስለዚህ ኬብሉ ከነዘረ የቤቱ 220 ቮልት በሆነ መንገድ ኬብሉ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው። ሦስቱም እጅ ላይ የሚሰጡት ስሜት ሲጀምር ሊመሳሰል ይችላል፤ አንደኛው የሚያስደነግጥ ብቻ ነው፣ ሁለቱ ግን ይገድላሉ። የምስል መቆራረጥና «ሲግናል የለም» የሚለው ጉዳይም ይመጣል፣ ግን ወደ መጨረሻው፤ መብራቱ ሳይጣራ ማንም ሰው ኮኔክተር መፍታት የለበትም።

የኬብሉን ውጪያዊ ላስቲክ ብትልጡት እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ መረብ ታገኛላችሁ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ መረብ ላይ ነው። መረቡ በኮኔክተሩ በኩል ከሪሲቨሩ ቆርቆሮ ጋር፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ብረት ጋር፣ በላይ በኩል ከኤልኤንቢው፣ ከዲሹ ክንድ፣ ከምሰሶውና ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ደግሞ በሌሎቹ ኬብሎች ወርዶ ከእያንዳንዱ ክፍል ሪሲቨር ጋር። የየክፍሉ የመብራት መስመር ለየብቻው ቢሆንም በዲሹ በኩል ግን ሁሉም በአንድ ባዶ ብረት ታስረዋል። አንዱ ክፍል ውስጥ ያለ ብልሽት በሌላው ክፍል ሰው የሚነዝረው በዚህ ነው፤ የነዘረውን ክፍል ብቻ መፈተሽ ዋጋ የማይኖረውም ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ከሪሲቨሩና ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ይነሳል። ባለ ሁለት እግር ስፒና ያለው ዕቃ ኤርዝ፣ ማለትም ያፈተለከውን መብራት ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ የለውም። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ በ220ው ወገንና በዝቅተኛው ቮልት ወገን መካከል አንድ ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ፣ ክብ ካፓሲተር ይቀመጣል፤ ላዩ ላይ ዋይ 1 ወይም ዋይ 2 የሚል ምልክት አለው። ሥራው ረብሻን ማፈን ነው፤ በዚያው ግን ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሳልፋል። 2.2 ናኖፋራድ ከሆነ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ቢበዛ 0.15 ሚሊ አምፔር ገደማ። አንድ ዕቃ ብቻውን እምብዛም አይሰማም። ሰው መንዘር የሚጀምረው ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ነው። እንግዲህ አራት ክፍል፣ አራት ሪሲቨርና አራት ቴሌቪዥን፣ ስምንት ዕቃ በአንድ መረብ ላይ ሲደመር 1.2 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ግቢው ውስጥ አንድ ተከራይ ብቻ እያለ የማይነዝረው ዲሽ ክፍሎቹ ሲሞሉ መንዘር የሚጀምረው በዚህ ስሌት ነው።

ይህ የመጀመሪያው መንገድ ብቻውን አይገድልም። ሆኖም መሰላል ላይ ያለ ሰው ደንግጦ እጁን ሲለቅ ከጣሪያ ሊወድቅ ይችላል። ኤችዲኤምአይ መግቢያዎችንም ይበላል፤ ሪሲቨሩም ቴሌቪዥኑም ሶኬት ላይ እያሉ ገመዱ ሲሰካ የሁለቱ ብረት ቮልት ልዩነት በዚያች ቅጽበት በቀጭኑ የዳታ እግር በኩል ያልፋል። ገመድ ስትሰኩም ስትነቅሉም ሁለቱም ስፒና ይነቀል።

ሁለተኛው መንገድ የፌዝ፣ ማለትም 220ውን ይዞ የሚመጣው ሽቦ፣ እውነተኛ መነካት ነው። የመጀመሪያው ምንጭ ጣሪያ ላይ ነው፦ የዲሹ ኬብልና የሰርቪስ ክፍሎቹ የመብራት ሽቦ በአንድ ቀዳዳ ያልፋሉ፣ ቆርቆሮው ይቆርጣቸዋል፣ ፀሐይ ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው ይፋቃል። ፌዙ ቆርቆሮውን ነካ ማለት ዲሹም፣ ኬብሉም፣ ልብስ ማስጫውም መብራት ያዙ ማለት ነው። ሁለተኛው ምንጭ ጥገና ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ በሚመታው ከፍ ያለ ቮልት የተቃጠለ ሪሲቨር ሲጠገን ያ ሰማያዊ ካፓሲተር ምልክት በሌለው ተራ ካፓሲተር ይተካል። ተራው ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሾርት ሆኖ ነው፤ ያኔ 220ው በቀጥታ መረቡ ላይ ይወጣል። ሪሲቨሩ ግን መሥራቱን ይቀጥላል፤ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ሪሲቨር ስታስጠግኑ የዋይ ምልክት ያለው ካፓሲተር በዋይ ምልክት መተካቱን ጠይቁ፣ አሳዩኝ በሉ።

ሦስተኛው መንገድ ኒውትራል፣ ማለትም መብራቱ ተጠቅሞ የሚመለስበት ሽቦ፣ ነው፤ ብዙ ኤሌክትሪሺያን ሳይቀር የሚዘለውም እሱን ነው። ኤርዝ ያልተዘረጋለት ክፍል ውስጥ ባለ ሦስት እግር ሶኬት ሲገጠም አንዳንዱ ባለሙያ የሶኬቱን የኤርዝ ብሎን በአጭር ሽቦ ከኒውትራሉ ጋር ያገናኘዋል። ቴስተር ሲደረግ «ኤርዝ አለው» ይላል። በር ላይ ያለውን የኮንቴይነር ሱቅ አስቡ፦ ፍሪጁ በእንዲህ ያለ ሶኬት ላይ ነው፣ የፍሪጁ አካል የኮንቴይነሩን ወለል ይነካል፣ ኮንቴይነሩ ጣሪያ ላይ ዲሹ በብሎን ታስሯል፣ ከዲሹ ኬብል ወደ ግቢው ይሄዳል። አሁን የሱቁ ኒውትራል ሁለት መመለሻ አለው፤ አንዱ የራሱ ሽቦ፣ ሌላው የዲሹ መረብ። ክፍል ውስጥም ያው ነው፤ ባለ ሦስት እግር ስፒና ያለው የድምፅ ማጉያ በቀይና ነጭ ገመዱ በኩል የሶኬቱን «ኤርዝ» ከሪሲቨሩ ብረት ጋር ያስተሳስራል።

በዚያው መስመር ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ እንበል፤ 3500 ዋት፣ 16 አምፔር። ከዋናው ቤት እስከ ክፍሎቹ 30 ሜትር ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ ቢሆን የኒውትራሉ ሬዚስታንስ 0.22 ኦም ገደማ ነው። የኬብሉ መረብ 1 ኦም ቢሆንና በሁለቱም ጫፍ ከኒውትራል ጋር ቢገናኝ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ወደ 3 አምፔር በዲሹ ኬብል ይመለሳል። ኬብሉ ለብ ይላል፣ ምስሉ ላይ መስመር ይመጣል፣ ኮኔክተሩ ውስጥ ያለው ብረት ይጠቁራል። ከዚያ አንድ ቀን የኒውትራሉ ብሎን ይላላል ወይም ሽቦው ይበጠሳል። መረቡ በሌላ በኩል ከኒውትራል ጋር ከተገናኘ የምጣዱ ጭነት በሙሉ በመረቡ ያልፋል፣ ከ200 ዋት በላይ ሙቀት ኬብሉ ውስጥ ይነሳል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል። መረቡ የተገናኘው 100 ኦም ካለው የመሬት ዘንግ ጋር ብቻ ከሆነ ደግሞ ምጣዱ አይሞቅም፤ መረቡ፣ ዲሹና ኮንቴይነሩ ግን 190 ቮልት ገደማ ይይዛሉ። በዚህ ጊዜ ኮኔክተሩን በእጁ የፈታ ሰው አንድ እጁ ከኬብሉ፣ ሌላው እጁ ከሪሲቨሩ ጋር እንዳለ የተበጠሰውን ኒውትራል በሰውነቱ ይቀጥላል።

ኮኔክተር ሲፈታ ብልጭ የሚል ከሆነ፣ ኬብሉ ለእጅ ከሞቀ፣ ወይም ምጣድ ሲበራ ብቻ ከነዘረ፣ ያ ኒውትራል ነው። አቁሙ። ከቆጣሪው አጥፉ።

አለካክ

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ መልቲሜትር፣ ክላምፕ ሜትር፣ 22 ኪሎ ኦም 5 ዋት የሆነ አንድ ሬዚስተር፣ 25 ሜትር ያህል ቀጭን ሽፍን ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ 11 ቁጥር ቁልፍ፣ የላስቲክ ሶል ያለው ደረቅ ጫማ። ሁሉም መርካቶ ይገኛል። ካቻቢቴ የሚመስለው ባለ መብራቱ ቴስተር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በአንደኛውም በሁለተኛውም መንገድ እኩል ይበራልና ጉዳት የሌለውን ከገዳዩ አይለይም።

ምንም ሳትነኩ በክላምፕ ሜትሩ ጀምሩ። መንጋጋውን በእያንዳንዱ የዲሽ ኬብል ላይ፣ ኬብሉን ሙሉውን አስገብታችሁ፣ በኤሲ አምፔር ለኩ። ምጣዱ ጠፍቶ አንድ ጊዜ፣ ምጣዱ በርቶ አንድ ጊዜ። ጤነኛ ኬብል ላይ ርካሽ ክላምፕ ዜሮ ነው የሚያሳየው። 0.1 አምፔር እንኳ ከታየ ሦስተኛው መንገድ ክፍት ነው፤ ኮኔክተር አይነካም። ዋናውን ብሬከር ካጠፋችሁ በኋላም ደግማችሁ ለኩ። ነጠላ ብሬከር የሚቆርጠው ፌዝ ብቻ ነው፣ ኒውትራሉ እንደተያያዘ ይቀራል፤ ኬብሉ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ጋር ከተጋራ ደግሞ የጎረቤት ምጣድ በእናንተ ኬብል ሊመለስ ይችላል። ቆጣሪ ላይ አጥፍታችሁ አምፔሩ ካልጠፋ ጎረቤትም ማጥፋት አለበት።

አምፔሩ ዜሮ ከሆነ ወደ ቮልት እለፉ። ረጅሙን ሽቦ ከቆጣሪው ሥር ካለው የመሬት ዘንግ ጋር እሰሩ። መልቲሜትሩን 750 ቮልት ኤሲ ላይ አድርጋችሁ በዘንጉ ሽቦና በኮኔክተሩ ብረት መካከል ለኩ። 90 ወይም 110 ቮልት ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ሜትሩ ራሱ ምንም ስለማይስብ ካፓሲተር የሚያሳልፈውን ጥቂቱን ሁሉ እንደ ሙሉ ቮልት ያሳያል። አሁን 22 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር በሜትሩ ሁለት ጫፍ መካከል አስገቡና እንደገና ለኩ። ሬዚስተሩን በእጅ አትያዙት፤ በመያዣ ክሊፕ ይታሰር። የሚታየውን ቮልት ለ22 ስታካፍሉ ሚሊ አምፔሩ ይወጣል። 110 የነበረው ወደ 3 ቮልት ከወረደ 0.15 ሚሊ አምፔር ነው፣ የአንድ ዕቃ። ወደ 26 ከወረደ 1.2 ሚሊ አምፔር፣ የስምንት ዕቃ። ሳይወርድ 100 ወይም 200 ላይ ከቆመ ግን ፌዝ መረቡን ነክቷል። ቆጣሪው ይጥፋ፣ የግቢው ሰው በሙሉ ከቆርቆሮውና ከማስጫው ሽቦ ይራቅ።

ምንጩን ለመያዝ በየክፍሉ ያለው የሪሲቨር፣ የቴሌቪዥንና የድምፅ ማጉያ ስፒና በሙሉ ይነቀል። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፤ ከዲቫይደሩ ይውጣ። ሁሉም ተነቅሎ ቮልቱ አሁንም ካለ ነገሩ ከክፍሎቹ ውጪ ነው፦ የመብራት ሽቦና የዲሹ ኬብል የሚነካኩበትን ቦታ በጣሪያው ጠርዝ፣ በግድግዳው ቀዳዳ፣ በምሰሶው ማሰሪያ ላይ ፈልጉ፤ ያኔም መብራት ጠፍቶ። ቮልቱ ከጠፋ አንድ በአንድ መልሱ፤ በእያንዳንዱ ላይ ለኩ፣ ጻፉ። አንዱ ሪሲቨር ሲሰካ ከ3 ቮልት ተነስቶ 150 ከዘለለ እሱን ለይታችሁ አውጡ። ስፒናውን ገልብጦ መሰካት ቮልቱን ሊቀንሰው ይችላል፤ እኔ ግን ይህን ጥገና አልለውም፣ ነገ ሌላ ሰው መልሶ ይገለብጠዋልና።

ኤርዙ

እዚህ ላይ ትዕግስት ያስፈልጋል፤ በከተማው ዳር ያለው ስሕተት በብዛት የተከማቸው እዚህ ነው። «ዘንግ ተቀብሯል፣ ኤርዝ አለን» ማለት አይበቃም። ዘንጉ 100 ኦም ቢኖረውና ፌዝ ብረት ቢነካ የሚፈሰው 220 ሲካፈል ለ100፣ ማለትም 2.2 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 20 አምፔር ብሬከር በ2.2 አምፔር ዕድሜ ልኩን አይወድቅም፤ ብረቱም እንደያዘ ይኖራል። ዘንጉን ጠቃሚ የሚያደርገው ከፊቱ ያለ 30 ሚሊ አምፔር የሊኬጅ ብሬከር (መብራት ወደ መሬት ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ብሬከር) ነው። በእሱ ያው ባለ 100 ኦም ዘንግ በቂ ይሆናል፤ 30 ሚሊ አምፔር በ100 ኦም ላይ 3 ቮልት ብቻ ነው፣ ከዚያ በፊት ይቆርጣል። ለተከራይ ክፍሎች አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል ይህን ብሬከር እላለሁ።

ብዙ ግቢ ውስጥ የሊኬጅ ብሬከሩ ተገጥሞ «እየወደቀ አስቸገረ» ተብሎ ተነቅሏል። ያ ብሬከር ይወድቅ የነበረው እውነት እየተናገረ ነው። ኒውትራልና ኤርዝ ከእሱ ወዲያ በአንድ ሶኬት ውስጥ ከተገናኙ ምጣድ ሲበራ መውደቁ የማይቀር ነው። የስምንት ዕቃ 1.2 ሚሊ አምፔር ሊጥለው አይችልም። ስለዚህ የወደቀበትን መስመር ሶኬቶች አንድ በአንድ ክፈቱ፤ የኤርዙን ብሎን ከኒውትራሉ የሚያገናኝ አጭር ሽቦ ስታገኙ አውጡት፣ በምትኩ እውነተኛ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከዋናው ሳጥን ድረስ ሳቡ። መሳብ ካልተቻለ የኤርዙ እግር ባዶውን ይቅር፣ ባለ ሦስት እግር ዕቃም እዚያ አይሰካ።

አፈሩንም አትርሱ። በቦሌ ለሚ፣ በአቃቂና በኮዬ ፈጬ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ዘንጉን አጥብቆ ይይዛል፤ ያኔ የሚለካው ውጤት ያምራል። በጋ ሲገባ አፈሩ ይሰነጠቃል፣ ይሸሻል፣ ዘንጉ በላይኛው በኩል አየር ውስጥ የቆመ ያህል ይሆናል። ነሐሴ ላይ የተለካ ኤርዝ የካቲት ላይ ሌላ ነው፤ ሊታመን የሚገባው የበጋው ነው። 1.5 ሜትር ዘንግ ከሆነ አናቱ ግማሽ ሜትር ያህል ከመሬት በታች ይቀበር፣ ሁለተኛ ዘንግ ከ3 ሜትር ያላነሰ ርቆ ይተከልና በ16 ካሬ የመዳብ ሽቦ ይያያዝ። ተቀራርበው ቢተከሉ አንዱ የሌላውን አፈር ይጋራል፣ ጥቅሙ ያንሳል። ጨው መጨመር ለጊዜው ይረዳል፣ ዘንጉን ግን ይበላዋል። በእንጦጦ ግርጌ ዓለቱ ዘንግ በማያስገባበት ቦታ ደግሞ ቦይ ቆፍሮ ባዶ የመዳብ ሽቦ በአግድም መቅበር ይሻላል።

የዲሹ ኬብሎች ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት ከዚህ ኤርዝ ጋር መተሳሰር አለባቸው፤ ሁሉም በአንድ ቦታ፣ ለቆጣሪው ሳጥን ቅርብ ሆኖ። ለዚህ የሚሆን የኤርዝ ብሎክ አለ፦ ኬብል በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል የሚወጣበት፣ ጎኑ ላይ የሽቦ ማሰሪያ ብሎን ያለው ትንሽ ብረት። ካልተገኘ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እየበሱ ባለ ሁለት አፍ ማገናኛዎችን በዳዶአቸው ማሰር ይቻላል፤ ቀለሙ ከቀዳዳው ዙሪያ ይፋቅ። ከላሜራው እስከ ቆጣሪው የኤርዝ ማያያዣ 6 ካሬ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ፣ በተቻለ መጠን አጭርና ያልተጠመዘዘ። የዲሹ ምሰሶም በዚሁ ይታሰር። ለዲሹ ብቻ ተብሎ ለብቻው ዘንግ መትከል ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ ከዋናው ዘንግ ጋር ካልተያያዘ ግን መብረቅ አካባቢው ላይ ሲወርድ በሁለቱ ዘንጎች መካከል የሚፈጠረው ልዩነት በሪሲቨሩ ውስጥ ነው የሚያልፈው። በቀጥታ ዲሹን የሚመታ መብረቅን ደግሞ ይህ ሁሉ አያቆመውም፤ የሐምሌና የነሐሴ ነጎድጓድ ሳይጀምር ኬብሉም ስፒናውም ይነቀል። ከጀመረ በኋላ አይነካም።

ማሰሪያው ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ዓይነት ንዝረት ያኔውኑ ይጠፋል፤ ያ 1.2 ሚሊ አምፔር ወደ መሬት የሚሄድበት ስላገኘ። ኒውትራሉ ሳይስተካከል ማሰሪያውን መግጠም ግን የባሰ ያመጣል፤ ለምጣዱ መመለሻ የተሻለ መንገድ ከፈታችሁለት ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። አንዳንድ ሰው መረቡን የሚቆርጥ ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባል ማገናኛ ይመክራል። ለአንቴና መስመር ጥሩ ነው፤ በሪሲቨርና በኤልኤንቢ መካከል ግን አብዛኛው ዓይነት 13 እና 18 ቮልቱንም ስለሚቆርጥ ኤልኤንቢው ይሞታል።

ከዚያ ምስሉ

መብራቱ ከተጣራ የቀረው ቀላል ነው። የዲሽ ሲግናል በሁለት አቅጣጫ ይመጣል፤ ኤልኤንቢ 13 ቮልት ሲደርሰው ቨርቲካሉን (ቁሙን)፣ 18 ሲደርሰው ሆሪዞንታሉን (አግድሙን) ይቀበላል። ቨርቲካሎቹ ቻናሎች ጤነኛ ሆነው ሆሪዞንታሎቹ ብቻ ከጠፉ ዲሹን አታንቀሳቅሱ፤ ቮልቱ መንገድ ላይ እያለቀ ነው። ከኤልኤንቢው ጫፍ ላይ፣ ኤልኤንቢው እንደተገናኘ፣ በሆሪዞንታል ቻናል ለኩ፦ ከ17 በላይ ከሆነ ደህና፣ ከ16 በታች ከሆነ ኤልኤንቢው ራሱን ወደ ቨርቲካል ሊቀይር ይችላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ነው። ደህና አርጂ 6 ኬብል ውስጡ መዳብ የተለበጠ ብረት ቢሆን እንኳ በ30 ሜትር 3 ኦም ገደማ ነው፤ ኤልኤንቢ 150 ሚሊ አምፔር ቢስብ ግማሽ ቮልት እንኳ አይጠፋም። መረቡ በጣት የሚቆጠር ክር ብቻ የሆነው ርካሽ ኬብል ግን፣ ሁለት ሦስት ቦታ ተጠምዝዞ ከተቀጠለ፣ 15 ኦም ይደርሳል፤ ከ2 ቮልት በላይ ይበላል። በእጅ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል መቀጠል ሊባል አይገባውም፤ በኮኔክተርና በማገናኛ ይቀጠል፣ ወይም ኬብሉ ሙሉ ይቀየር።

ኮኔክተር ሲሠራ የመሐሉ ሽቦ ከኮኔክተሩ ዳዶ አፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይውጣ፤ ካጠረ አይነካም፣ ከረዘመ የሪሲቨሩን አፍ ያሰፋዋል። ከመረቡ አንዲት ፀጉር የምታክል ክር መሐለኛውን ሽቦ ከነካች ሪሲቨሩ «ሾርት» ብሎ ቮልቱን ይቆርጣል። ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ በኦም ለኩ፤ በመሐልና በመረብ መካከል ሜትሩ ምንም ማሳየት የለበትም። ውኃ የገባበት ኬብል ደግሞ ሲቆረጥ መረቡ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ውኃው በመረቡ ውስጥ እንደ ፈትል ስለሚሳብ ጫፉን ብቻ መቁረጥ አይበቃም፤ ነጭና የሚያብለጨልጭ መረብ እስኪገኝ ድረስ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ቁረጡ። ከኤልኤንቢው ሥር ኬብሉ አንድ ዙር ታች ወርዶ ይመለስ፣ ጠብታው ከዚያ ይንጠባጠባል።

ለብዙ ክፍል አንድ ኤልኤንቢ የሚጋሩ ሰዎች በአከፋፋይ ላይ ይሳሳታሉ። እስከ 1000 ሜጋ ኸርዝ የሚል ተራ የአንቴና ስፕሊተር ከ950 እስከ 2150 የሚመጣውን የዲሽ ሲግናል አያሳልፍም። የሚያሳልፈውም ቢገኝ አንዱ ተከራይ ሆሪዞንታል ሲከፍት 18 ቮልቱ ያሸንፍና የሌላው ቨርቲካል ቻናል ይጠፋል፤ ይህን ብልሽት በመለዋወጫ ለማስተካከል ስንት ሪሲቨር ያለ ጥፋቱ ተቀይሯል። ዳይሴክም ለዚህ አይሆንም፤ እሱ ብዙ ኤልኤንቢ ለአንድ ሪሲቨር ነው፣ ለምሳሌ ኢትዮሳት የተጀመረበትን ኤንኤስኤስ 12 በ57 ዲግሪ ምሥራቅና ናይልሳትን በ7 ዲግሪ ምዕራብ ከሁለት ዲሽ ለአንድ ቤት ለማምጣት። ለአራት ክፍል ባለ አራት መውጫ ኤልኤንቢ፣ ለስምንት ባለ ስምንት፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኬብል፤ ሁሉም በዚያው የኤርዝ ላሜራ በኩል ያልፋል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ምጣዱን አብሩና ክላምፑን በየኬብሉ አንድ ዙር አድርጉ። ዜሮ መሆኑን፣ በሬዚስተሩ የወጣውን ቮልትና ቀኑን በማርከር በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፉት። የካቲት ላይ፣ ዋልካው ሲሰነጠቅ፣ እንደገና ለክታችሁ ከጎኑ አስቀምጡ።